ለድግስዎ የወይን ጠጅ ሲገዙ

እንደሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በሐዋሳም ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለምርቃትና ለቀለበት በሚሰናዳ ማዕድ ላይ የወይን ጠጅ ማቅረብ የተለመደ ነገር ሆኗል። ቢራው፣ ለስላሳውና ጠጁ እንዳለ ሆኖ ወይን ጠጁ ለእንግዳ ክብር ሲባል ይገዛል። ይሁንና ድግሱ ከደመወዝ በተቆጠበ ወይም ከዕቁብ በወጣ ብር የሚሰናዳ ስለሆነ ብዙ እናቶች ሱቅ ገብተው ከመደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ግራ ይገባቸዋል። ጣዕሙን ስለማያውቁት ዋጋውን ዳኛ ያደርጉታል፤ ውዱ ጥሩ፣ ርካሹ መጥፎ ይመስላቸዋል። ውዱ ጠርሙስ ይከፈታል፣ እንግዶች አንድ ጊዜ ይጎነጩለትና ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ብርጭቆውን ያስቀምጣሉ። ለልጅ ደብተርና ጫማ ይሆን የነበረው ብር እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ወይን ጠጁ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓይነቱን ሳይጠይቁ በመግዛት ነው። በጠርሙሱ ላይ «ድራይ» ተብሎ ከተጻፈ የፍሬው ስኳር ከሞላ ጎደል በእርሾው ተበልቶ ወደ አልኮል ተለውጧል፤ ስለዚህ ጣፋጭነት የለውም። «ሚዲየም ስዊት» የሚለው መጠነኛ ጣፋጭነት የቀረለት ሲሆን፣ «ስዊት» የሚለው ጣፋጩ ነው። ቀዩ ወይን ከነልጣጩ ስለሚብላላ፣ እሳት ላይ ብዙ እንደቆየ ሻይ ምላስን ጭብጥ ያደርጋል። ነጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጣጩ ተለይቶ ጭማቂው ብቻ ስለሚብላላ ለስለስ ይላል። ጠጅና ለስላሳ የለመደ ሰው ድራይ ቀይ ወይን ቢቀርብለትና ቢከብደው አይፈረድበትም። ጀማሪ ከሆኑ ከሚዲየም ስዊት ቢነሱ ይሻላል። አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ጣፋጭ ወይን መውደድን እንደ ነውር ሲያወሩት ይሰማል፤ ብሩን የሚከፍሉት እነሱ ስላልሆኑ አይስሟቸው።

ለምርጫው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ሻሸመኔን አልፈው የሚያገኟት፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ዝዋይ የወይን አገር ሆናለች። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዚያ ወይን ተክሎ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። «አኬሺያ» እና «ሪፍት ቫሊ» የተባሉት የዚሁ መሬት ፍሬዎች ናቸው። አኬሺያ በድራይም በሚዲየም ስዊትም ስለሚጠመቅ ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ጽሑፉን ማየት ያስፈልጋል። በሪፍት ቫሊ ላይ የሚያነቧቸው ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የወይን ዘር ስሞች ናቸው፤ የመጨረሻው ነጭ፣ ሌሎቹ ቀይ ናቸው። ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት በየቤቱ የሚታወቀው የአዋሽ ወይን ጠጅ ነበር። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ሲሆን፣ ጉደር ጣፋጭነቱ የራቀ ቀይ ነው። ከሚላና አዋሽ ክሪስታል ነጮች ናቸው። ጉደር የከበደው ሰው ከለስላሳ መጠጥ ጋር ሲደባልቀው ይታያል፤ በዚህ የሚስቁ ቢኖሩም እንግዳ ቤት ገብቶ ያልጠጣው ወይን ከዚያ የበለጠ ኪሳራ ነው።

ከውጭ ከሚገባው ጠርሙስ ላይ የሚከፍሉት ግን የወይኑን ዋጋ ብቻ አይደለም። የመርከቡና የመኪናው ጭነት፣ ቀረጡ፣ ኤክሳይዝ ታክሱ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ሁሉ በላዩ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደተሰቀለ ለእናቶች መንገር አያሻም። በአውሮፓ ተራው ሠራተኛ ለእራቱ የሚገዛው ወይን እዚህ ሲደርስ የክብር ዕቃ ይሆናል። በዚያው ብር የአገር ውስጡን ደኅና ወይን መግዛት ይቻላል።

ስንት ጠርሙስ ይበቃል? የተለመደው ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ይይዛል። በ15 ሳንቲ ሊትር ቢቀዳ 5 ብርጭቆ፣ ለጽዋ ማንሻ በ10 ሳንቲ ሊትር ቢቀዳ 7 ብርጭቆ ይወጣዋል። ወይን የሚጠጡ 20 እንግዶች ካሉዎት ለጽዋው 3 ጠርሙስ ይበቃል። «ወይን የሚጠጡ» ያልነው በምክንያት ነው። ሐዋሳ ብዙ ፕሮቴስታንቶችና ሙስሊሞች ያሉባት ከተማ ስለሆነች ከጠሯቸው ጎረቤቶች መካከል አልኮል የማይቀምሱ ብዙ ይሆናሉ። ለእነሱና ለልጆች ብርዝ በጥብጦ ማቅረብ ክብርም ቁጠባም ነው።

ከድግሱ አስቀድሞ መቅመስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በፋብሪካም ሆነ በቢሮ አብረው የሚሠሩ ሦስት አራት ጓደኛሞች ደመወዝ ሲወጣ አዋጥተው አንድ ጣፋጭና አንድ ድራይ ቢገዙ፣ ጎን ለጎን ቀምሰው ለየትኛው ብር ማውጣት እንደሚገባ በትንሽ ወጪ ይለያሉ። በየሆቴሉ በብርጭቆ እየገዙ መለማመድ ግን ኪስን ያራቁታል።

ሱቅ ሲገቡ «ጋሼ፣ ጣፋጩ የትኛው ነው?» ብለው ለመጠየቅ አይፈሩ። የሐዋሳ ፀሐይ ቀላል አይደለችምና በመስታወት ዳር ለወራት የቆመውን ጠርሙስ ይተዉት፤ ሙቀትና ብርሃን ወይንን ያበላሻሉ። ክዳኑ ያልተነካ፣ ቡሹ ወደ ላይ ያልወጣ፣ ከአንገቱ ያላንጠባጠበ መሆኑን ይመልከቱ። ባለቡሽ ከሆነና እስከ በዓሉ የሚቆይ ከሆነ ቤትዎ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ ያጋድሙት፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል።

ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝተው ከጠበሱ ነጩን በደንብ አቀዝቅዘው ያቅርቡ። ቀዩ ለሥጋ ይስማማል። በእኛ ሙቀት ግን ቀዩንም ቢሆን ከመክፈትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡት አይጎዳም።

የወይን ጠጅ እንደ ለስላሳ ስለሚወርድ ቀላል መጠጥ የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛው ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል አለበት። 15 ሳንቲ ሊትር ባለ 12 በመቶ ወይን የያዘው አልኮል ባለ 5 በመቶ የሆነ 33 ሳንቲ ሊትር ቢራ ከያዘው ጥቂት ይበልጣል። ነፍሰ ጡር እናት ጨርሶ መቅመስ የለባትም፤ «ደም ይተካል» የሚባለውን አይቀበሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ስለሚከለክል ልጅዎን ወደ ሱቅ አይላኩ።

ከድግሱ የተረፈውን ወዲያው ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሦስት ቀን ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጎምዘዝ ማለት ሲጀምር ጠንካራ ሥጋ ከመጠበሱ በፊት ለመዘፍዘፊያ ወይም በአቼቶ ፈንታ ለሰላጣ ይሆናል።