ተርኪ ትልቅ ዶሮ አይደለም፦ በቀስታ ስለሚበስል ሥጋ



ርእሴን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየ አንድ ባልደረባዬ «ይህ ለአዳራሽ ነው ወይስ ለወጥ ቤት?» ሲል ጠይቆኛል። ሁለቱን የሚለይ ግድግዳ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም ብዬ መለስኩለት። ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት ግን ቀልድ አይደለም፤ እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ በነበርኩበት ጊዜ፣ በአንድ የገና በዓል 14 ያህል ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ጾሙን አብረን እንድንፈታ ጠራሁ። ለዚያ ሁሉ ሰው ዶሮ መግዛት የተማሪ ኪስ አይችለውም። የኅዳሩ የምስጋና በዓል ካለፈ በኋላ ግን ተርኪ በርካሽ ይሸጥ ነበርና 7 ኪሎ የሚመዝን፣ በበረዶ እንደ ድንጋይ የጠጠረ አንድ ተርኪ ገዛሁ። እናቴ ዶሮ ስትሠራ እንዳየኋት በለትኩት፤ ብልቶቹንም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁሌቱ ውስጥ ጨመርኳቸው። ከቅዳሴ መልስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ማዕድ ቀረበ። ደረቱ እንደ ሰጋቱራ ደርቆ፣ ታፋው ደግሞ እንደ ጎማ አጥንቱን አልለቅም ብሎ ተገኘ። እንግዶቼ ጨዋዎች ስለነበሩ አመስግነው በሉ። የተረፈውን ከነትልቁ ድስት ክዳኑን ገጥሜ ምድጃው ላይ ተውኩትና ተኛን። እኩለ ቀን ላይ ለብ አድርገን ደገምነው።

በዚያው ማታ አምስታችን በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ተያዝን። አንዷ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሆስፒታል ወሰድናት። እርሷም ልጇም ደኅና ሆኑ። በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፦ የምግብ ሳይንስ የምማር ሰው ሆኜ፣ እናቴ ያደረገችውን ሁሉ አድርጌ፣ ይህ እንዴት ደረሰ?

የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል ቀላል የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ሙቀት ወደ ሥጋ ውስጥ ለመዝለቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በረዶ ሲቀልጥም፣ ሥጋው ሲበስልም፣ የሞላ ድስት ሲቀዘቅዝም ያው ሕግ ይሠራል። ተርኪን እንደ ትልቅ ዶሮ የቆጠረ ሰው በሦስቱም ቦታ ይሳሳታል። እኔ በሦስቱም ተሳስቻለሁ።

ስለ ወፉ ጥቂት ልበል። ተርኪ የሜክሲኮ ተወላጅ ነው። የጥንት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው ያረቡት ሲሆን፣ እስፓኞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ አሻገሩት። አውሮፓውያን ከየት እንደመጣ በቅጡ ስላልለዩ እንግሊዞች በቱርክ ስም ጠሩት፤ ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ሲሉት ፈረንሳዮችም የሕንድ ነው አሉት። በዕብራይስጥም ስሙ የሕንድ ዶሮ ማለት ነው፤ እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየገበያው የሚያገኙት ይኸው ነው። በትውልድ አገሩ ግን ከጥንት ጀምሮ ባልንጀራ ነበረው፤ እርሱም በርበሬ ነው። ዛሬ የእኛ የምንለው በርበሬ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው። ሜክሲኮዎች ተርኪን በቀስታ ቀቅለው፣ የደረቀ በርበሬን ከለውዝ፣ ከቅመማ ቅመምና ከጥቂት ቸኮሌት ጋር ፈጭተው፣ በተርኪው መረቅ እያቀጠኑ «ሞሌ» የሚሉትን ወጥ ይሠራሉ። ቃሉ ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺው ማባያ ወይም ወጥ እንደማለት ነው። እንግዲህ ተርኪን በበርበሬ መሥራት የስደተኛ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸውና።

አሁን ወደ ሥጋው እንግባ። በአንዱ ወፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥጋ አለ። ተርኪ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ፣ ሲደነግጥ ለአጭር ርቀት የሚበር ፍጥረት ነው። ሳያርፍ የሚሠራው የእግር ጡንቻ ኦክሲጅን የሚይዝ ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ስለሚበዛበት ይጠቁራል፤ ኮላጅን የሚባለው አያያዥ ሕብረ ሕዋስም ይበዛበታል። ለቅጽበት ሥራ የተዘጋጀው ደረት ደግሞ ነጭ፣ ስቡም ኮላጅኑም ጥቂት ነው። ኮላጅን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ መጀመሪያ ይኮማተርና ሥጋውን ይጨምቀዋል። ከ70 በላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ግን ቀስ በቀስ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። መረቁን የሚያወፍረው፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው፣ ያደረ ወጥ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው እርሱ ነው። ታፋ ትዕግሥት የሚወደው ስለዚህ ነው። ደረት ግን የሚፈታ ኮላጅን ስለሌለው በቆየ ቁጥር ውኃውን ብቻ ያጣል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ በመጨመሬ ለአንዱ አብዝቼ፣ ለሌላው አሳንሼ አበሰልኩ።

«በቀስታ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ውኃ እስከፈላ ድረስ እሳቱን ብናበዛም ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ፣ እዚህ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ 92 ገደማ ነው። ኃይለኛ እሳት የሚጨምረው መናወጥን ነው፤ መናወጥም ሥጋውን ይበታትናል፣ ሥሩን ያሳርራል። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ሁለት አረፋ ብቅ እያለ የሚንቶሰቶስ ድስት በቂ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የሚያበስል ሰው ተጨማሪ ጊዜ መስጠት አለበት እንጂ ተጨማሪ እሳት አያስፈልገውም።

ቁሌቱም የራሱ ሳይንስ አለው። ቀይ ሽንኩርት ከክብደቱ 90 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። ያለ ቅቤ በቀስታ ስናበስለው ውኃው ይተናል፣ የሚያቃጥሉት የድኝ ውሁዶች ይበንናሉ፣ የሕዋሱ ግድግዳ ይፈርስና ሽንኩርቱ ወጡን የሚይዝ ልም ይሆናል። ቅቤው ከገባ በኋላ ደግሞ የበርበሬው ቀለምና የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ይለቀቃሉ፤ ሁለቱም በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሙ ናቸውና። ቁሌትን የሚያሳጥር ሰው የሚያተርፈው ጊዜ በምላስ ላይ ይታወቅበታል።

ከዚህ በመነሣት ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁ እንድታደርሱልኝ የምፈልገው የሥራ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በረዶው በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቅለጥ። ለየ2 ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ብትቆጥሩ 7 ኪሎው ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ከቀለጠ ውስጡ በረዶ ሳለ ውጪው ለባክቴሪያ ይመቻል። አብዛኞቹ የበረዱ ተርኪዎች በጨው ውኃ የተወጉ ስለሆኑም ጽሑፋቸውን አንብባችሁ ጨው ቀንሱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማጠብ። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን የንጽሕና ምልክት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ባክቴሪያውን የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን እሳቱ ነው፤ የሚፈናጠቀው ውኃ ደግሞ ሰላጣው ላይ ያርፋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጥሬ የዶሮና የተርኪ ሥጋ ባይታጠብ ይመክራል። ልማዱን መተው የማይሆንላችሁ ቢያንስ ከቧንቧ ሥር ሳይሆን በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉት፤ ከዚያም ሳህኑንም ገንዳውንም በሳሙና እጠቡ።

ሦስተኛ፣ አንገቱን፣ ጀርባውንና የደረቱን አጥንት ለብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ቀቅሉና መረቅ አውጡ። ወጡን የምታቀጥኑት በዚህ ነው።

አራተኛ፣ ታፋውንና ቅልጥሙን ቀድማችሁ ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይንቶስቶስ። በቅልጥሙ ውስጥ እንደ ስንጥር የጠነከሩ ጅማቶች ታገኛላችሁ። ካልሲየም ያዘሉ ስለሆኑ ምንም ቢበስሉ አይለሰልሱም፤ ሥጋው ሲላላ እየሳባችሁ አውጧቸው። ደረቱን በወፍራሙ ቆራርጣችሁ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ጨምሩት፤ መካከሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል ከዚያ በኋላ ይገባሉ።

አምስተኛውና ዋናው ማቀዝቀዝ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለ ባክቴሪያ ሙቀት የሚቋቋም ዘር አለው፤ ድስቱ ሲፈላ አይሞትም። ድስቱ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ይነቃል፤ በተለይም ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት እጅግ በፍጥነት ይራባል። ክዳኑ የተገጠመ፣ ጥልቅና ወፍራም ወጥ የሞላ ድስት ለሰዓታት የሚቆየው እዚያው አካባቢ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ምግቡ ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእኛ ወጥ ስላልተመረመረ ጥፋተኛው እርሱ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሰዓቱና ምልክቱ ግን ይገጥማሉ። መፍትሔው ወጡን ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባት ነው። ሲበላም ለብ ማድረግ አይበቃም፤ እስኪንተከተክ ድረስ መፍላት አለበት።

ከሆስፒታል በተመለስን በሳምንቱ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሽንኩርቱም ስለ በርበሬውም አልጠየቀችኝም። «ልጄ፣ ያደረ ወጥ ሳይንተከተክ ይበላል እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ ያደረገችውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብዬ ነበር፤ ስህተቴ ነው። በበዓል ማለዳ ስትበልት፣ ስታቁላላ፣ ስትከልስ አይቻለሁ። በማግሥቱ ማንም ሳይነሣ ምድጃው ዘንድ ቆማ የተረፈውን ስታንተከትክ ግን ተኝቼ ነበር። የእርሷ ድስት ትንሽ ስለነበር ቶሎ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ቶሎ ባይቀዘቅዝ እንኳ የማለዳው እሳት ነበረላት። እኔ ድስቱን አሳድጌ እሳቱን ቀነስኩ።

ተማሪዎቼ፣ በመጪው በዓል ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ወጥ ቤት ሲገቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራችሁ ቁሙ፤ በማግሥቱም ቀድማችሁ ተነሡ። የምታዩትን ጻፉ፤ ምክንያቱንም ጠይቁ። ምክንያቱን ሊነግሯችሁ ካልቻሉ እሱን መፈለግ የእኛ የክፍላችን ሥራ ነው።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።