ከዘር ሐረግ ወደ ነዋሪነት፦ በመንዝ ጓሳ የውክልና መሠረት ለውጥ

በአካባቢ አስተዳደር ሊወከል የሚገባው በቦታው የሚኖር ነው ወይስ በቦታው ጥቅም ያለው? የመንዝ ጓሳ ታሪክ ይህን ጥያቄ ግልጽ ያደርገዋል።

ጓሳ የቤት ክዳን ሣር፣ ግጦሽና ማገዶ የሚገኝበት የጋራ መሬት ሲሆን፣ እስከ 1967 ዓ.ም. «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ነበሩ፤ መሬቱን ለዓመታት የሚዘጉትና የሚከፍቱትም ከሁለቱ ወገኖች የሚመረጡ አለቆች ነበሩ። በአጽመ ርስት ሕግ መብት ከትውልድ ስለሚመነጭ፣ ርቆ የሚኖር ዘመድ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። በመንደሩ እየኖረ ትውልድ መቁጠር የማይችል ሰው ግን ባይተዋር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ገለበጠው። መብት በገበሬ ማኅበር ክልል ነዋሪ ከመሆን ጋር ተያያዘ። ጓሳው ለቀድሞዎቹ ባይተዋሮች ተከፈተ፤ ሆኖም የመዝጋት ሥልጣን የነበረው አካል በመፍረሱ ሀብቱ ተመናመነ። በአሁኑ የምርጫ ሕግም መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖር የመንዝ ተወላጅ ወላጆቹና ቤቱ እዚያው ቢሆኑም በቀበሌው አይመርጥም።

ሁለቱም መመዘኛዎች የሚያገሉት ሰው አላቸው። ጓሳ ሲዘጋ ማገዶ የሚያጣው ነዋሪው በመሆኑ የመወሰን ሥልጣን ለእርሱ መሰጠቱ ተገቢ ነው። በሩቅ ያለው ባለጥቅም ግን ሳይመርጥም በምክክር ሊሰማ ይችላል። የመደመጥ መብትን ከመወሰን ሥልጣን መለየት ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል።