የተመራማሪው ድርጎ

በብቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው በግንደወይን ያደገ ሰው፣ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳውን ከጎኑ ያንጠለጠለ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትር የያዘ ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቱ እመቤትም የያዘችውን ሥራ አቋርጣ ከሌማቱ ቁራሽ እንጀራ አንሥታ ስትሰጠው ሳያይ አልቀረም። ይህን ምጽዋት ብለን ብቻ ብናልፈው ግን ነገሩን ማሳነስ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከዲማ ጊዮርጊስ ወይም ከደብረ ወርቅ ጉባኤ ለሚውለው ለዚያ ተማሪ፣ ቁራሹ ከማጥገቡ ይልቅ ጊዜውን የሚገዛለት፣ ሳያርስና ሳይነግድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር የሚውልበትን አንድ ቀን የሚያተርፍለት ነው።

ለሊቅ በየዕለቱ የሚቆረጠው እንዲህ ያለ ቀለብ በቤተ መንግሥትም በገዳምም ድርጎ ይባል ነበር። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በዕለት ንግግራቸው ግራንት ወይም ፈንድ፣ ደብዳቤ ሲጽፉ ደግሞ የምርምር ድጋፍ የሚሉት ነገር፣ ስሙና ልብሱ ቢለወጥም ባሕርዩ ይኸው ድርጎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይህን የዘመናችንን ድርጎ ከአንባቢ ጋር ማስተዋወቅ፣ ማን እንደሚሰጠውና በምን መንገድ እንደሚገኝ፣ ተቀባዩስ ምን ዕዳ እንዳለበት መግለጥ ነው።

የቀድሞው ድርጎ ዋና ምንጭ መሬት ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአድባራትና ለገዳማት በሰጡት መሬት ካህኑና መምህሩ ይኖሩ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ከአካባቢው ሕዝብ ሌማት ይቀለብ ነበር። ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተነሥተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም የዚህ ሥርዓት ፍሬ ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ያ ምንጭ ደረቀ፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም.፣ መንግሥት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽንን አቋቋመ። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ከዚያ አስቀድሞ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስለነበር መንግሥት ምርምርን በዚያን ጊዜ ጀመረ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሊቅን የመቀለብ ሸክም ከርስት ወደ ግምጃ ቤት የዞረበትን ዘመን ለሚያስብ ሰው፣ እነዚህ ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ሊጻፉ የሚገባቸው ናቸው።

እንግዲህ ይህ ድርጎ ምንድን ነው ቢባል፣ እንደ ብድር አይመለስም፤ እንደ ደመወዝም ለኑሮ የሚከፈል አይደለም፤ ስጦታ እንዳንለው ደግሞ ውልና ሪፖርት አለበት። ለአንድ ለተወሰነ ጥያቄ፣ ለተወሰነ ዘመን፣ በዝርዝር ለተጻፈ ወጪ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ሰጪው ወገን በመጀመሪያ ጥሪ ያወጣል፤ ተመራማሪውም ፕሮፖዛል ያቀርባል፤ በዚህም ጽሑፍ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት በዚያ ጉዳይ የደረሱበትን፣ የሚከተለውን ዘዴ፣ የሥራውን የጊዜ ሰሌዳና የበጀቱን ዝርዝር ከመኪና ነዳጅ እስከ መረጃ ሰብሳቢዎች አበል ድረስ ይገልጣል። ጥናቱ ሰውን የሚነካ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ ደም የሚቀዳበት ወይም የሰው ምስጢር የሚጠየቅበት ቢሆን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀው አይጀመርም።

ፕሮፖዛሉን የሚመረምሩት በዚያው ሙያ ያሉ ሌሎች ሊቃውንት ናቸው። የቅኔን ቤት ሥርዓት ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ በዚያም ተማሪው ብቻውን የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ የመጣ ወይም የባልንጀራውን የሰረቀ በጉባኤው መካከል ያፍራል። የፕሮፖዛል ገምጋሚም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ይህ ጥያቄ ከአሁን በፊት ተመልሶ የለምን? ጠያቂውስ ሊመልሰው የሚያስችል ዕውቀትና መሣሪያ አለውን? ከዚያ በኋላ የሚመጣው የበጀት ክርክር ነው፤ ለጥያቄው ከሚበቃው በላይ ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ በመጨረሻ ስለ ጥያቄውም ይጠረጠራል።

የድርጎ ሰጪዎቹ ቤት ብዙ ነው። ለደብረ ማርቆስ ወይም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የቅርቡ ደጅ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ጀማሪው የመጀመሪያውን ውል የሚፈራረመው፣ ሪፖርት መጻፍንም የሚለማመደው እዚያ ነው። ከአገር ወጣ ስንል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊድን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከታዳጊ አገሮች ለሚነሡ ወጣት ሳይንቲስቶች፣ ለብዙ ዘመን እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ነው። የፓኪስታኑ የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1983 በኢጣልያ በትሪዬስቴ ያቋቋሙት የዓለም የሳይንስ አካዳሚም ለዚሁ ዓላማ የቆመ ነው። ኅብረተሰብን ለሚያጠኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተውና መቀመጫው በዳካር የሆነው ኮዴስሪያ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1980 ተመሥርቶ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ በአጭሩ ኦስሪያ፣ የታወቁ ደጆች ናቸው። የአፍሪካ መንግሥታትም ከአገራቸው ጠቅላላ ምርት በመቶ አንዱን እጅ ለምርምር እንመድባለን ሲሉ ቃል ከገቡ ቆይተዋል፤ አብዛኞቹ ግን እስከ ዛሬ እዚያ አልደረሱም።

ድርጎ ጊዜን ይገዛል ብለናልና፣ ይህ ጊዜ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ለመረዳት ከቤታችን ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የጤፍ አበባ ለዓይን የሚያስቸግር ደቃቅ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስላሉም ራሱን በራሱ ያራባል። ስለዚህ የአንዱን ዘር መልካም ጠባይ ከሌላው ጋር ማዳቀል የማይቻል መስሎ ብዙ ዘመን ኖረ። በ1967 ዓ.ም. ገደማ ግን ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ ከፀሐይ ጋር እየተሽቀዳደመ፣ በማጉያ መነጽርና በቀጭን ወረንጦ የአንዱን አበባ ዱቄት ወደ ሌላው ማሸጋገር ቻለ። በዚህ መንገድ ነጭነቱ የታወቀው ማግና የተባለው ዘርና ምርታማው ዱከም ተዳቅለው ቁንጮ የተባለው ዘር ተወለደ፤ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ለገበሬ የተለቀቀውም በ1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያች የማለዳ ግኝት እስከ ቁንጮ 31 ዓመት ያህል አለፈ፤ ብዙ ድጋፍ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ብቻ የሚሰጥ ነው። ረጅሙን ጥያቄ በአጫጭር ድርጎ እየቀጣጠሉ የመኖር ጥበብ የተመራማሪው ሁለተኛ ሙያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜው አጭር ከመሆኑም በላይ ከተፈጥሮ ጊዜ ጋር የማይገጥምበት ቀን አለ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ የግንደወይንና የብቸና ገበሬ ግን ጤፉን ዘርቶ የሚያጭደው ክረምቱንና መፀውን ተከትሎ ነው። ጥሪው በጥቅምት ወጥቶ፣ ግምገማው በታኅሣሥ አልቆ፣ ገንዘቡ በጥር ቢለቀቅ፣ ተመራማሪው ማሳው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ገለባ ነው፤ የሚቀጥለውን ዝናብ ልጠብቅ ቢል ደግሞ ሰኔ 30 ይቀድመዋል። ልምድ ያላቸው መምህራን ስለዚህ ፕሮፖዛላቸውን ለገንዘብ ክፍሉም ለሰማዩም በሚስማማ የጊዜ ሰሌዳ መጻፍን ይማራሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጥያቄው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ የሚያነጹበት ፍሬ የበሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ተገለጠላቸው። ይሁን እንጂ ስለ ግኝቱ ሰውን ለማሳመን ዓመታት ፈጀባቸው፤ እንዶዱ በሌላው ፍጥረት ላይ ጉዳት የሌለው መሆኑ በውጭ አገር በታወቀ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ገንዘብ ሰጪዎች አይረኩም ነበር፤ ለዚህም ምርመራ የካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት እንዶዳም ስሙን የያዘው ከዚህ ተክል ነው፤ አገር በስሙ የጠራውን ተክል ዓለም ለማመን የዘገየው ማስረጃው ከእርሱ ቤት ስላልወጣ ነበር። ይህን የሚያውቅ ተመራማሪ ሰጪው የሚወደውን ጥያቄ ፍለጋ ጥሪውን ብቻ ሲያገላብጥ አይውልም፤ አስቀድሞ ወንዝ ወርዶ አጣቢዋን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ለጥያቄው የሚስማማውን ደጅ ይመርጣል።

አሁን ወደ ተቀባዩ ዕዳ እንምጣ። በውሉ ላይ የተጻፈው ዕዳ ሪፖርት ነው፤ ተመራማሪው በየጊዜው ያወጣውን ገንዘብና ያገኘውን ውጤት፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ለሰጪው ይልካል። የቀድሞው ድርጎ ግን በወረቀት ያልሰፈረ ሌላ ሥርዓት ነበረው። ያች ቁራሽ እንጀራ የሰጠችው እመቤት ልጁን ዛሬ ምን ቅኔ ትቆጥራለህ ብላ አልጠየቀችውም፤ ሲደርስለት ግን፣ በበዓል ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን ስትቆም፣ ተማሪው በካህናቱ መካከል ሆኖ ቅኔውን ሲቀኝ ትሰማዋለች፤ ግእዙ ባይገባት እንኳ ያበላችው አፍ መሆኑን ታውቃለች። ዛሬ ግንደወይን ወርዶ ለመጠይቁ የገበሬውን ግማሽ ቀን የወሰደ ተመራማሪም እንዲህ ያለ አበዳሪ አለበት፤ ሪፖርቱን ለፋውንዴሽኑ ከላከ በኋላ አንድ የገበያ ቀን መርጦ ተመልሶ መጥቶ፣ ጠይቄህ የነበረው ነገር እንዲህ ሆነ ብሎ ቢነግረው የድርጎውን ዕዳ ከፈለ ይባላል።