በጡት ካንሰር ሕክምና የሚታየው ልዩነትና በኩዌት የሚሠሩ እህቶች

ኩዌት ሲቲ፦ የጡት ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት ብዙ ጊዜ የሚድን ሕመም ነው። የመዳኑ ዕድል ግን ለሁሉም ሴት እኩል አልደረሰም።

ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረችው ብሔራዊ የማሞግራፊ መርሐ ግብር የተዘጋጀው ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ለሆነ ኩዌታውያን ሴቶች ነው። ከሀገሪቱ ነዋሪ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ግን የውጭ ዜጋ ነው። በሐወሊ፣ በሳልሚያ፣ በፈርዋኒያ ወይም በጀህራ በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ኢቃማ ለማውጣት ደሟንና ሳንባዋን ትመረመራለች። ይህ ምርመራ ተላላፊ በሽታን የሚፈልግ እንጂ ጡትን የሚመለከት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ የውጭ ዜጎች የሕክምና ክፍያ መጨመሩም ሌላው ጫና ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት ከጊዜ ጋር እየሰፋ እንደሚሄድ የአሜሪካ ልምድ ያሳያል። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጥቁርና የነጭ ሴቶች የሞት መጠን ተቀራራቢ ነበር። ማሞግራፊና አዳዲስ መድኃኒቶች ሲስፋፉ የነጮቹ ሞት ፈጥኖ ቀነሰ፤ የጥቁሮቹ ወደ ኋላ ቀረ። ዛሬ ጥቁር ሴቶች በሕመሙ የሚያዙት ከነጮቹ በጥቂቱ አንሶ ሳለ፣ የሚሞቱበት መጠን በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የዕጢው ዓይነት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ የመድን ዋስትና ማጣትና የሕክምና መዘግየት ዐቢይ ምክንያቶች ናቸው።

ሕመሟን ደብቃ ኮንትራቷ እስኪያልቅ የምትጠብቅ እህትም የምታጣው ይህንኑ ጊዜ ነው። ወደ ሀገር መመለስም ቀላል መፍትሔ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለ ነበር፣ ሕሙማን ወራት የሚፈጅ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ግን አንዲት ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በኋላ ሕመሟ በ60 ቀን ውስጥ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል።

በኩዌት ሕጉ ለሠራተኛዋ መነሻ ይሰጣታል። የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ሕክምና እንዲያቀርብና ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ሲጣስ አቤቱታ የሚቀርበው ለሰው ኃይል ባለሥልጣን ነው። በ1979 የተመሠረተው የሕሙማን መርጃ ፈንድ ማኅበርም አቅም ያነሳቸውን ሕሙማን በወጪ ይደግፋል።

ብዙዎችን የሚያዘገየው ሐያእም ነው። ሐያእ የተወደደ ጠባይ ቢሆንም ከሕክምና አያግድም። ሴት ሐኪም ባትገኝ፣ በደሩራ ጊዜ ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲመረምር የፊቅህ ሊቃውንት ፈቅደዋል።

በጡት ወይም በብብት ሥር የወጣ እብጠት፣ የቆዳ መጎድጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እብጠቱ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም፣ ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ አደገኛ ነው።