ጎተራው ሞልቶ ማዕዱ ለምን ጎደለ?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው የምዕራብ ጎጃም ምድር በቦቆሎ፣ በጤፍ፣ በዳጉሳና በበርበሬ ምርቱ የታወቀ ነው። ይህ አምራች አገር በሚገኝበት በአማራ ክልል ግን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር።

ነገሩን የእህል እጥረት ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ቦቆሎ ሆድ ይሞላል፤ ጉልበትም ይሰጣል። ነገር ግን ለሰውነት ግንባታ ከሚያስፈልጉት የፕሮቲን ክፍሎች ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት ያንሱታል። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ላይሲን ስላላቸው ከእህሉ ጋር በአንድ ገበታ ሲቀርቡ ጉድለቱን ይሸፍናሉ። እንጀራን በሽሮ መብላት እንግዲህ የአባቶች ብልሃት ነው። ችግሩ ሽሮው ሲቀጥን፣ ሕፃኑም እንጀራውን በወጡ ጫፍ ነክቶ ብቻ ሲበላ ነው። እንቁላሉና ቅቤው በገበያ ቀን ይሸጣሉ።

በደካማ መሬት የሚበቅለው ግብጦ ደግሞ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ ከአረቄ ጋር ከመቆርጠም አልፎ ቁም ነገር ተደርጎ አይታይም። እርግጥ ነው፣ ምሬቱ መርዝነት ስላለው ለቀናት በወራጅ ውሃ ተዘፍዝፎ ካልጣፈጠ አይበላም።

ጾምም ይነሳል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም። ሆኖም ብዙ እናቶች የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ በመስጋት ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል ማብሰሉን ይተዉታል። ለሕፃኑ አንዲት ድስት ለብቻ ብትለይ ስጋቱ ይቀራል። እስከ ሁለት ዓመት የቀረ ቁመት በኋላ በቀላሉ አይመለስምና ነገሩ ጊዜ አይሰጥም።

ጉዳቱ በልጅነት አያበቃም። ቀንጭሮ ያደገ ሰው ከሞፈርና ቀንበር ተላቆ ከተማ ገብቶ ሱቅ ሲቀመጥ፣ ዘይቱና ስኳሩም ሲበዛ፣ ወገቡ ላይ የሚከማቸው ስብ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ ያጋልጠዋል። ቦርጭ የድሎት ምልክት መስሎ መታየቱ በሽታውን ሸፍኖታል። ጨውም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ እንዲሆን ይመክራል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚመክሩበት ስብሰባ ላይ የጓሮው ጎመንና ዱባ፣ እንዲሁም በየዓመቱ ቦቆሎ ብቻ በሚዘራበት ማሳ ላይ የሚፈራረቀው ጥራጥሬ አብሮ ሊነሳ ይገባዋል። ባቄላ የገባበት ማሳ ናይትሮጅን ስለሚያተርፍ ለቀጣዩ ዓመት ቦቆሎም ይጠቅማል።