እስስትን እንወቃት፤ መርዝ የላትም



በአጥራችሁ ወይም በቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ቀስ እያለች የምትሄድ አረንጓዴ ፍጥረት ሳታዩ አትቀሩም። እስስት ናት። ብዙ ሰው ሲያያት ይሸሻታል፤ ልጆችም በድንጋይ ይወግሯታል። «መርዝ አላት፣ ከነከሰች ትገድላለች» ይባላል። ነገሩ እውነት ነው ወይ? እስቲ አብረን እንመርምር።

እስስትን ከእንሽላሊት በምን እንለያት?

እስስት ከእንሽላሊት ወገን ናት። ነገር ግን እነዚህን ምልክቶች ልብ በሉ።

1ኛ/ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ። አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ያያል።

2ኛ/ ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው የተጣበቁ ናቸው። ቅርንጫፍ የምትይዘው እንደ አንጥረኛ ጉጠት ቆንጥጣ ነው።

3ኛ/ ጅራቷን በእንጨት ላይ ትጠመጥማለች። እንሽላሊት ጅራቷ ሲያዝ ጥላው ትሄዳለች፤ እስስት ግን አትጥልም።

4ኛ/ እንሽላሊት በራሷ ጎን የጆሮ ቀዳዳ አላት። እስስት የላትም።

የትኛዋ እስስት የት ትገኛለች?

የአዲስ አበባና የአካባቢው ደጋ እስስት ትንሽ ናት። ከነጅራቷ ብትለካ ብዙውን ጊዜ ከስንዝር አትበልጥም። ቀንድ የላትም። በሳይንስ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ ይባላል። ይህን ዝርያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1845 የሰየመው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አገሯ ከስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። የእንጦጦና የየካ ኮረብታዎችም በዚሁ ደጋ ውስጥ ናቸው።

ወደ ባሌ ብንሄድ ደግሞ ሌሎች እናገኛለን። በሐረና ዝናባማ ደን የምትኖር አንዲት ዝርያ አለች። የእርሷ ወንዱ በአፍንጫው ላይ ሁለት ቀንድ አለው። ይህች ዝርያ በሳይንስ የተመዘገበችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ነው። በ2021 ደግሞ ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት ሌላ አዲስ ዝርያ ተመዝግባለች። እንግዲህ አገራችን ገና ተመርምራ አላለቀችም ማለት ነው።

በብርድ አገር እንዴት ትራባለች?

ብዙ የቆላ እስስቶች አፈር ቆፍረው እንቁላል ይጥላሉ። የእንጦጦ ራስ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሌሊት አፈሩ ይበርዳል፤ እንቁላል የሚያስፈለፍል ሙቀት አያገኝም። ስለዚህ የደጋዋ እስስት ጽንሷን በሆዷ ትይዛለች። ቀን ቀን ፀሐይ እየሞቀች ታሳድገውና ሕይወት ያለው ልጅ ትወልዳለች። አንዲት እርጉዝ እስስት ከገደልን ልጆቿንም አብረን ጨረስን ማለት ነው።

መልኳን ለምን ትለውጣለች?

የሚለዋወጥ ሰው «እስስት» ይባላል። እርሷ ግን ለማታለል አይደለም። ጠዋት ስትበርዳት ትጠቁራለች፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባልና። ስትፈራ፣ ስትቆጣ፣ ወንድና ሴት ሲፈላለጉም መልኳ ይለወጣል። ሌሊት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስትተኛ ደግሞ ትነጣለች። በባትሪ ብታበሩ ከቅጠሉ ለይታችሁ ታዩዋታላችሁ። ስንት እንዳሉ መቁጠር የፈለገ ሰው በሌሊት ይቁጠር።

መርዝ አላት ወይስ የላትም?

የላትም። እንደ እፉኝት መርዝ የሚረጭ ጥርስ አልተፈጠረላትም። አፏን ከፍታ «እስስ» የምትለው ፈርታ ነው። ብትነክስም ቆንጠጥ ከማድረግ አያልፍም። እንዲያውም ለገበሬ ረዳት ናት። ረጅም ምላሷን ወርውራ ዝንብ፣ ፌንጣና አባጨጓሬ ትለቅማለች፤ ዋጋም አትጠይቅም።

ምን እናድርግ?

ባሕር ዛፍ ወደ እንጦጦ አካባቢ የመጣው በአጼ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ማገዶና ማገር ሆኖ ጠቅሟል። ግን በሥሩ ቁጥቋጦ ይሳሳል። ቁጥቋጦ ከሌለ እስስት መኖሪያ የላትም። ስለዚህ፦

ሀ/ የማሳ ዳር ቀጋና ወይራ ሁሉ አይመንጠር፤ ጥቂት ይቅር።

ለ/ ቁጥቋጦ ከማቃጠላችሁ በፊት ቅርንጫፉን ተመልከቱ። ካለች በእንጨት አሻግሯት።

ሐ/ ልጆች እንዳይወግሯት ምከሩ።

ባለማወቅ ወዳጅን መግደል ለማንም አይበጅም።

በቡድን ተወያዩ፦ እስስት ከእንሽላሊት የምትለይባቸውን ሦስት ምልክቶች ተናገሩ። የደጋ እስስት እንቁላል የማትጥለው ለምንድን ነው? በቀበሌያችሁ በየትኛው ቁጥቋጦ ላይ ትታያለች?