ስሙ የጠፋበት መስመር፦ በስልክ መስመር በሚገናኝ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የስም ፍለጋ ችግርን ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ኢንተርኔት በስልክ መስመርና በሞደም ጩኸት ይገባ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለነፃ የትምህርት ዕድል የሚያመለክትበትን ደብዳቤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በኢሜይል መላክ ነበረበት። ኮምፒውተራችን በሊኑክስ የሚሠራ ነበር። ሞደሙ ደወለ፣ ጮኸ፣ ተገናኘ። ደብዳቤው ግን አልሄደም፤ ፕሮግራሙ የሚመልስልን «የተጠቀሰው ስም አይታወቅም» የሚል ቃል ብቻ ነበር። መስመሩ ተበላሽቷል ብለን ዘጋን፤ ደግመን ደወልን። ሞደሙን ነቅለን ሌላ ተከልን። የስልኩ ሂሳብ በየደቂቃው ይቆጥራል። መስመሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደህና እንደ ነበረ የገባን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። የተበላሸው መንገዱ ሳይሆን ስሙ ነበር።

የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። «ኢንተርኔት አይሠራም» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይደብቃል። አንደኛው «መንገዱ ክፍት ነውን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ስሙ ወደ አድራሻ ተተርጉሟልን?» የሚል ነው። ሁለቱን ሳይለይ መጠገን የሚጀምር ሰው ያልታመመውን አካል ያክማል።

ስምና አድራሻ

በሀገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኢንተርኔት ዓለም ግን ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ስም የሚያስፈልገው ለእኛ ለሰዎች ነው። ወደ እንግዳ ሰፈር የሄደ ሰው የሚፈልገውን ሰው ስም ይዞ ከሱቅ በር ላይ ይጠይቃል፤ ባለ ሱቁም ቤቱን ያመለክተዋል። ሱቁ ተዘግቶ ቢያገኘው ቤቱ ፈርሷል፣ መንገዱም ተቆፍሯል ማለት አይደለም። የጠፋው ጠቋሚው ብቻ ነው።

ቀደም ባለው ዘመን የኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተመዝግቦ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር፤ ሌሎቹም ያንን ፋይል እየገለበጡ ይወስዱ ነበር። የኮምፒውተሮቹ ቁጥር ሲበዛ ይህ አሠራር ሊዘልቅ አልቻለም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስሞች በብዙ አገልጋዮች ተከፋፍለው የሚያዙበትን ሥርዓት ነደፈ፤ ዛሬ ዲ.ኤን.ኤስ. የምንለው ይህንኑ ነው። የጥንቱ ፋይል ልጅ ግን አሁንም በእያንዳንዱ የሊኑክስ ኮምፒውተር ውስጥ «ሆስትስ» በሚል ስም ይኖራል።

የሊኑክስ ኮምፒውተር ስምን ሲፈልግ ሦስት ፋይሎችን ያያል። ስማቸውን እንደ ድምፃቸው እጠራቸዋለሁ፤ በተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። «ኤንኤስ-ስዊች ዶት ኮንፍ» የሚባለው ማን በቅድሚያ እንደሚጠየቅ ይወስናል፤ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የራሱ ፋይል፣ ቀጥሎ ዲ.ኤን.ኤስ. ነው። «ሆስትስ» የራሱ ፋይል ነው። «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ደግሞ የስም አገልጋዮቹን ቁጥር የያዘ ነው፤ በዚህ ፋይል ቢበዛ ሦስት አገልጋዮች ይታያሉ። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱን ይጠይቃል፤ በውስጡ የስም አገልጋይ ከሌለ ደግሞ መልስ አያገኝም።

የስልክ መስመር ልዩ ጠባይ

በቢሮ ውስጥ በኬብል የተያያዘ ኮምፒውተር የስም አገልጋዩ ለዓመታት ላይለወጥ ይችላል። በስልክ የሚደውል ኮምፒውተር ግን በየጥሪው አዲስ እንግዳ ነው። ሞደሞቹ ከተግባቡ በኋላ ፒ.ፒ.ፒ. የተባለው ፕሮቶኮል ሥራውን ይጀምራል፤ አገልግሎት ሰጪውም ለደዋዩ አድራሻ ያድለዋል። ደዋዩ ከጠየቀ ደግሞ የሁለት ስም አገልጋዮችን ቁጥር ይነግረዋል። «ከጠየቀ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በሊኑክስ ግንኙነቱን የሚመራው «ፒፒፒዲ» የተባለ ፕሮግራም ነው፤ «ዩዝ ፒር ዲ.ኤን.ኤስ.» የሚል መመሪያ ካልተጻፈለት አይጠይቅም። ጠይቆ ቢነገረውም መልሱን የሚጽፈው ለፒ.ፒ.ፒ. በተለየ ማኅደር ውስጥ ባለ ሌላ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ላይ ነው። ግንኙነት ሲከፈት የሚሠራው «አይፒ-አፕ» የተባለ ስክሪፕት ያንን ወደ ዋናው ፋይል ካላሻገረው፣ ትክክለኛው ቁጥር እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ የድሮውን ሲጠይቅ ያመሻል።

አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ምርመራውን በቅደም ተከተል እንያዝ። የአንዱ መልስ ሳይታወቅ ወደ ሌላው አይታለፍም።

አንደኛ፣ ግንኙነቱ በእርግጥ ቆሟልን? «ኢፍ-ኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ «ፒፒፒ ዜሮ» የተባለውን በር ካሳየና የራሳችንንና የወዲያኛውን ወገን አድራሻ ከጻፈ፣ ሞደሙ፣ የይለፍ ቃሉና የስልኩ መስመር ሥራቸውን ፈጽመዋል። ከዚህ በኋላ ሞደም መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ በቁጥር ወደ ውጭ መድረስ ይቻላልን? ወደ አንድ የታወቀ የውጭ ኮምፒውተር፣ በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ፣ «ፒንግ» እንላክ። ለፒንግ የማይመልሱ ኮምፒውተሮች ስላሉ ከአንድ በላይ ቁጥር መሞከር ይገባል። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፤ በሽታው የስም ነው። ካልመጣ ግን ስሙን ትተን የመንገድ ሠንጠረዡን «ራውት» በሚለው ትእዛዝ እንመልከት። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ፦ ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድም ካለውና በዚያ በኩል ዋና መውጫ መንገድ አስቀድሞ ከተመዘገበ፣ ፒፒፒዲ የነበረውን አይተካም። ይህንኑም በሥርዓቱ መዝገብ ላይ ጽፎ ያልፋል። ያን ጊዜ ለስልኩ መስመር የታሰበው ሁሉ ወደ ካርዱ ሄዶ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የሚጠየቀው አገልጋይ ማን ነው? ይመልሳልን? «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ን ከፍተን የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ፤ ከዚያም «ዲግ» በሚለው ትእዛዝ ያንኑ አገልጋይ በቀጥታ እንጠይቀው። መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው። አድራሻውን ከሰጠን አገልጋዩ ጤነኛ ነው፤ ፍለጋው ወደ ኮምፒውተራችን ውስጥ ይመለሳል። «እንዲህ ያለ ስም የለም» ካለን ደግሞ መንገዱም አገልጋዩም ደህና ናቸው፤ ስሙን አሳስተን ጽፈን እንደሆነ እንይ። ዝም ካለን ቁጥሩ ያረጀ ወይም የሌላ አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም የራሳችን ፋየርዎል ከ53ኛው ወደብ የሚመጣውን መልስ እየከለከለ ይሆናል።

አራተኛ፣ ዲግ መልስ እያገኘ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ለምን ያጣሉ? ዲግ አገልጋዩን በቀጥታ ስለሚጠይቅ «ኤንኤስ-ስዊች»ንም «ሆስትስ»ንም አያይም። ኢሜይሉና ማሰሻው ግን ያያሉ። ስለዚህ «ጌትኤንት ሆስትስ» በሚለው ትእዛዝ ያንኑ ስም እንፈልግ፤ እርሱ እንደ ተራ ፕሮግራም ይጠይቃልና። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ስሕተቱ በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ ነው። ሌላም አለ። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ሲጠቀም የሚሠራ፣ ተራ ተጠቃሚ ሲጠቀም የማይሠራ ከሆነ፣ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ለተራው ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ተነፍጎት እንደሆነ ይታይ። በቀድሞዎቹ ሊኑክሶች ደግሞ ፕሮግራሞች ይህንን ፋይል የሚያነቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከመደወላችን በፊት የተከፈተ ማሰሻ አዲሱን ቁጥር አያውቅም። ዘግቶ መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የ«ጂሊብሲ» 2.26 ዕትም ነው።

የጊዜና የገንዘብ ነገር

ሁሉም ብልሽት ፈጽሞ መቋረጥ አይደለም፤ አንዳንዱ መዘግየት ነው። ሊኑክስ ለመጀመሪያው አገልጋይ 5 ሰከንድ ይታገሣል፤ መልስ ካጣ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ስለዚህ ከተጻፉት አገልጋዮች የመጀመሪያው የሞተ ከሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ ስም ከ5 ሰከንድ በኋላ ይገኛል። ሰዎች «መስመሩ ዘገምተኛ ነው» ይላሉ፤ ሆኖም ከተገኘ በኋላ ፋይሉ በወትሮው ፍጥነት ይወርዳል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጅምሩ ይቆማል፣ ከጀመረ በኋላ ግን ይሄዳል።

ሌላው ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። ፒፒፒዲ ሲያስፈልግ በራሱ እንዲደውል ሊታዘዝ ይችላል። የስም ጥያቄም ወደ ውጭ የሚሄድ መልእክት ነውና፣ በጀርባ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም በሌሊት የጎረቤቱን ኮምፒውተር ስም ቢፈልግ ሞደሙ ይደውላል፤ ሰው ሳይኖር ሂሳብ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ስም በ«ሆስትስ» ጽፎ፣ ፋይሉ ከዲ.ኤን.ኤስ. በፊት እንዲጠየቅ ማድረግ።

መደምደሚያ

የሞደም ዘመን አልፏል፤ ይህ ለምን ያስፈልገናል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬም ስልካችሁ ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር እንደዚያ ደዋይ አዲስ አድራሻና አዲስ የስም አገልጋይ ይቀበላል። በብዙዎቹ የዛሬ ሊኑክሶች «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ን ብትከፍቱ 127.0.0.53 የሚል ታገኛላችሁ፤ ይህም በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ አማላጅ ነው። ፋይሉ ተለወጠ እንጂ ጥያቄዎቹ አልተለወጡም።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። በዚያ ሌሊት በመጨረሻ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ን ስንከፍት የተጻፈው ከወራት በፊት የተውነው የሌላ አገልግሎት ሰጪ ቁጥር ነበር። አንድ መስመር አረምን፤ ደብዳቤው በዚያው ደቂቃ ሄደ፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር። ሦስት ሰዓት ያባከንነው ዕውቀት አጥተን አልነበረም፤ ፒንግንም ፋይሉንም እናውቃቸው ነበር። ያጣነው ቅደም ተከተሉን ነው። ከመጠገናችሁ በፊት መንገዱን ከስሙ ለዩ።